ሃይ ባይ የበዛበት ኩባንያ

የካናዳዋን ካልጋሪን ከእኔ ቀድሞ ያያት ሰሊጣችን ነው። እኔ ለቪዛ አሻራ ስሰጥና ከባንክ ባንክ ስሯሯጥ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ የሁመራ ሰሊጥ ናሙና «ለመመለስህ ማረጋገጫህ ምንድን ነው?» የሚለው ሳይኖር በርሮ ሄዶ ጠበቀኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «እስቲ ያ አገር እንዴት ነው?» እያለ ስለሚይዘኝ፣ እኔም በየመንገዱ ግማሽ ግማሹን ማውራት ስለሰለቸኝ፣ ከመነሻው እስከ መመለሻው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

የምሠራው በአንድ የጃፓን የምግብ ንግድ ኩባንያ አዲስ አበባ ቢሮ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ክብ ጎተራ» እንደ ማለት ስለሆነ እዚህም እንዲሁ እለዋለሁ። ክብ ጎተራ ሰሊጥ ከእኛ ይገዛል፤ ቃሊቲ ባለው ማበጠሪያ ቤታችን ከስድሳ የሚበልጡ ሴቶች በወንፊትና በሰፌድ ያጠሩታል፤ ከዚያ በጅቡቲ አድርጎ ጃፓን ይገባል። ይኼ ለዓመታት ያለ ጠብ የኖረ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ለነዳጅ ሥራ ወደ ምዕራብ ካናዳ በጎረፈበት በነዳጁ ግርግር ዘመን ግን ኩባንያው ካልጋሪ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተና ሐሳብ መጣለት፦ ሰሊጡን እዚያ በማሽን እናጥራው። ካርታ ያለው ያውጣ። ሰሊጡ ከጅቡቲ ተነስቶ ባሕር አቋርጦ ካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ይወርዳል፤ በባቡር ተራራ ወጥቶ ካልጋሪ ይገባል፤ ይጠራል፤ ከዚያ በዚያው ባቡር ተራራውን ወርዶ፣ እንደገና ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ይደርሳል። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» የተባለው ለሰሊጥ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ደግነቱ የኩባንያው መሥራች ያወጡት አንድ ደንብ አለ። ትልቅ ነገር ሲወሰን፣ ጉዳዩ የሚነካው ቢሮ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሰው መስማማቱን በአፉ ይናገራል። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ነገሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ጃፓናዊው አለቃችን ጡረታ ወጥቶ አገሩ ስለገባ፣ አዲስ አበባን ወክሎ የሚቀመጠው እኔ ሆንኩ። ስለዚህ ከዚህ እስከ ካናዳ ተሸክሜ የሄድኩት ሻንጣዬንና አንድ እምቢታ ነው።

አንድ ቃል ደግሞ አስቀድሜ ላስረዳ። በጃፓንኛ «እሺ» ወይም «አዎን» ማለት «ሃይ» ነው። እኛ ደግሞ ልጅ ሲባልግ፣ በሬ ሰው ማሳ ሲገባ፣ ሰካራም ሲያስቸግር ነው «ሃይ!» የምንለው። ጡረታ የወጣው አለቃችን ስልክ ይዞ «ሃይ፣ ሃይ፣ ሃይ» ሲል የማበጠሪያ ቤቱ ሴቶች መጀመሪያ ሚስቱን የሚገስጽ መስሏቸው ነበር። ኋላ ሲገባቸው ጊዜ «ሃይ ባዩ» ብለው ስም አወጡለት። ሹፌራችን በአንዲት አክስቱ ቀብር ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆት ሦስቱንም ጊዜ «ሃይ» ብሎታል።

ዓርብ

አውሮፕላኑ ማታ ስለሆነ ቀን ቃሊቲ ሄጄ ተሰናበትኩ። የሴቶቹ አለቃ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ማበጠሪያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያሉ። ፌስታል ውስጥ የተቋጠረ ነገር አስያዙኝ።

«ተልባ ነው። የተቆላ። ካልጋሪ የወንድሜ ልጅ ሶስና አለችልኝ፤ ስልኳ እዚህ ላይ ተጽፏል። ለእሷ ስጥልኝ።»

«እትዬ፣ እዚያ ተልባ አይጠፋም እኮ።»

«የእኔ እጅ ግን ይጠፋል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። «ስማ ልጄ፣ እዚህ ካሉት ሴቶች አባወራ ያላቸው ጥቂት ናቸው። ቤት የሚያድረው በዚህ ወንፊት ነው። እዚያ የሚሰበሰበው ሁሉ እሺ ባይ ነው አሉ። አንተ ሃይ በልልን።»

«በየትኛው ቋንቋ?» ብዬ ቀለድኩ።

«በእናትህ ነዋ!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ

ፍራንክፈርት ላይ ለአንድ ሳንድዊች የከፈልኩትን ባወራ እናቴ ትታመማለችና ልለፈው። ካልጋሪ ከሰዓት በኋላ ገባን። በራፉን እንዳለፍኩ፣ ነጭ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ ከፊቴ ቆሙና «ሃይ!» አሉኝ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። የማይገባበት የገባሁ መስሎኝ ነው። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እኔም ፈገግ አልኩ፤ እንደዚያ ተፋጠን ቆየን። ለካ ሰላምታ ነው። እንግሊዝኛውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ግን ሰው ደክሞት ሲመጣ ጆሮው የሚሰማው በእናቱ ቋንቋ ነው።

የጉምሩኩ ሰውዬ ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተ።

«ምንድን ነው?»

«ተልባ።»

«ይኼን እኮ እኛ ነን የምናመርተው፤ ከዚህ ጀምሮ እስከ ወዲያኛው ድረስ ሜዳው ሁሉ ተልባ ነው።» እጁን ዘርግቶ ሲያሳይ የዓለምን ግማሽ ያካልላል። «አንተ ወደዚህ ተልባ አመጣህ?»

«የላኩት አክስት ናቸው» አልኩት። ይኼን ሲሰማ ዘጋና መለሰልኝ። አክስት በየአገሩ አክስት ነው መሰለኝ።

ኩባንያው የያዘልኝ ሆቴል ስደርስ ደግሞ እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ኮምፒውተሩን አየ። ክፍልህ አለ፤ ግን ሰው ገብቶበታል አለኝ። የነዳጅ ሰዎች ናቸው። ከተማው ውስጥ አልጋ የሚባል ነገር የለም፤ የነዳጅ ሰዎች ተኝተውበታል። እኛ ጋ እንዲህ ቢሆን ጩኸት ይነሳል፣ ሥራ አስኪያጅ ይጠራል፣ በመጨረሻ አንድ የጽዳት ዕቃ ክፍል ተከፍቶ ፍራሽ ይነጠፍልሃል። ያኛው ግን «አይ አም ሶሪ» ብቻ ነው የሚለው። ከልቡ ደጋግሞ ስላለው መጨረሻ ላይ እኔው አጽናናሁት።

ፌስታሉ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ የሶስና ባል ጋሽ ታምራት መጡ፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

«ቶሎ ግባ፣ ቶሎ ግባ! ፓርክ ማድረግ አይቻልም እዚህ፤ ቲኬት ይሰጡኛል!»

ቤታቸው ቴምፕል የሚባል ሰፈር ነው። ምድር ቤቱን ለነዳጅ ሠራተኞች አከራይተውታል፤ ስለዚህ ልጃቸው ናኦሚ ክፍሏን ለቅቃልኝ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። ናኦሚ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አያያዝ የምትማር ልጅ ናት። አማርኛዋ አክብሮት አለው፤ አክብሮቱ ግን ቦታውን አያገኝም።

«ጋሽ ደረጀ፣ አንቱ ወፍራም ጃኬት አለህ?»

የለኝም አልኳት። የአባቷን ካፖርት አመጣችልኝ፤ ውስጡ እኔንና አንድ ሌላ ሰው የሚይዝ ነው። ሶስና ተልባውን አሽትታ ምሳም እራትም በአንድ ላይ አቀረበችልኝ።

እሑድ

ጠዋት ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን በኤሌክትሪክ ገመድ ከቤቱ ጋር አስሮታል። የታሰረ በቅሎ ይመስላል። ሞተሩ እንዳይበርድ ነው አሉኝ ጋሽ ታምራት፤ ያልታሰረ መኪና ጠዋት አይነሳም። እኛ መኪና የምናስረው እንዳይሰረቅ ነው።

ጸሎት ቤታቸው ወሰዱኝ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ በጭብጨባ መዘመር አልለመድኩም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሶስና ተነስታ ጉዳዬን ተናገረች፦ አክስቷን፣ ስድሳዎቹን ሴቶች፣ ረቡዕ ያለውን ስብሰባ። መጋቢው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ጸለዩ።

«ጌታ ሆይ፣ ረቡዕ ዕለት የወንድማችንን አፍ ክፈትለት!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

«ፍርሃቱን አስወግድ! ድምፁን እንደ መለከት አድርግ!»

«አሜን!»

ከዚህ በፊት ማንም ለእኔ እንዲህ ጮኾ ጸልዮ አያውቅምና እንባ መጣብኝ። በኋላ እንዳሰብኩት ግን ጸሎቱ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። አፌ እንዲከፈት ጠየቁ እንጂ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልጠየቁም።

ከምሳ በኋላ ልምምድ ሆነ። ናኦሚ አለቃ ሆና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ኦኬ፣ እኔ ሚስተር ኦኖ ነኝ። ‹አዲስ አበባ፣ ዱ ዩ አግሪ?› አልኩህ። አንቱ ምን ትላለህ?»

«ሐሳቡን በጣም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ምናልባት ትንሽ…»

«ኖ፣ ኖ! ላይክ፣ ጀስት ሴይ ኖ! ለምን ትዞራለህ?»

«ልጄ፣ ሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል?»

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» አሉ ጋሽ ታምራት ከሶፋው። «እኔ እዚህ አገር ለሱፐርቫይዘር ኖ ብዬ አላውቅም። ሺፍቴን ሲቀይሩት ኦኬ፤ ኦቨርታይም ሲሉኝ ኦኬ። ይኸው ስካይቪው ራንች የሚሉት አዲስ ሰፈር ቤት ገዝቼ ልገባ ነው።»

«ቤቱን የገዛው ሞርጌጁ ነው» አለች ሶስና። «ስድሳ ሴት ሊበተን ነው፤ ምን እሺ! ደግመህ በል፣ ወንድም ደረጀ።»

እስኪመሽ ደገምኩት። መጨረሻ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይዤ ተኛሁ፦ ከአክብሮት ጋር፣ አዲስ አበባ አትስማማም።

ሰኞ

ሲነጋ በረዶው እየቀለጠ ነው። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ ክረምቱን በአንድ ሌሊት በጋ አድርጎታል። እኔ የጋሽ ታምራትን ካፖርት፣ ሁለት ሹራብና የሱፍ የውስጥ ሱሪ ለብሼ ባቡር ውስጥ ላቤ ይንቆረቆራል፤ ከጎኔ አንዱ በቲሸርት ቆሟል። ይኼን አገር ማመን ከባድ ነው።

መሀል ከተማ ሰው መሬት አይረግጥም። ፎቅ ከፎቅ በመስታወት ድልድይ ተያይዞ፣ ሁሉም ከአስፋልቱ በላይ ይሄዳል። አሳንሰር ውስጥ የገባው ሁሉ «ሃይ» ይለኛል፤ እያንዳንዱ «ሃይ» ደግሞ ትንሽ ያስደነግጠኛል። ቢሮ ስደርስ ጃፓኖቹ ስልክ ላይ «ሃይ፣ ሃይ» ይላሉ፤ ካናዳውያኑ እርስ በርስ «ሃይ፣ ሃይ» ይላሉ። ሦስት አገር በአንድ ቃል ተሰብስቦ ማንም ማንንም አይሰማም።

የባሕር ማዶ ዳይሬክተሩን ሚስተር ኦኖን ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሽማግሌ፤ በስሙ መጨረሻ ካለው «ኖ» በቀር በዕድሜው ኖ ብሎ የሚያውቅ አይመስልም። የካልጋሪው ሥራ አስኪያጅ ብራያን ደግሞ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ሲጨብጥ ትከሻ የሚነቅል ሰው ነው። ማታ ቸስተርሚር ያለው ቤቱ ጋበዘን። ቤቱ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሐይቁ ቺኑኩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ በረዶው ላይ ሰው መኪና ነድቶ ገብቶ ዓሣ ያጠምዳል። እኛ መኪና ሐይቅ ውስጥ ከገባ ሬዲዮ ይናገረዋል።

ከበሬ ጭን የማያንስ ሥጋ ከቀረበልን በኋላ የኩባንያው ታሪክ በፊልም ታየ። መሥራቹ ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በሁለት ቅርጫት ደረቅ ዓሣ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ጥሩ ሰው ይመስላሉ። ልጃቸው ሱቅ ከፈተ። የልጅ ልጁ ደግሞ አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ «ባሕር እንሻገር» አለ፤ ሁሉም «ሃይ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይኼው ነው። ሰው ሁሉ በየቤቱ አትክልት ኮምጣጤ ውስጥ የሚዘፈዝፍበት አገር ሄደው እንደዚያው የተዘፈዘፈ የታሸገ ፍጅል የሚሸጥ መደብር ከፈቱ። አንዱ አለቃ «ይሸጣል» ብሎ ነበርና ሁሉም ሃይ ብሏል። ሻይ አምራች አገር ሻይ ወሰዱ። ዓሣ በሞላበት የባሕር ዳር ከተማ ደረቅ ዓሣ አራገፉ፤ ዓሣው ወደ ተወለደበት ባሕር ዳር ተመለሰ ማለት ነው። በየቦታው የመክፈቻ ሪባን ሲቆረጥ ይታያል፤ ሲዘጋ የሚታይበት ግን የለም። ፊልሙ እነዚህን ኪሳራ አይላቸውም፤ «ትምህርት» ነው የሚላቸው። በወሰደው ትምህርት ቢሆን ክብ ጎተራ እስከ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ይሆን ነበር።

«መሥራቹ ያወጡትን ደንብ ተጠቅሞ እምቢ ያለ ሰው አለ?» ብዬ ሚስተር ኦኖን ጠየቅሁት።

«ደንቡን ሁላችንም በጣም እናከብረዋለን» አለኝ። «ስለዚህ ማንም ነክቶት አያውቅም።»

ማክሰኞ

ማሽኑን አሳዩን። ከከተማው ምሥራቅ አዲስ መጋዘን ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ሳይገፈፍ ቆሟል። የእኛ ናሙናም አጠገቡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ብቸኝነት የያዘው መሰለኝ። ማሽኑ ግን አልሠራም። እንዲያንቀሳቅሰው የተቀጠረው ሰው ጠዋት ደውሎ ሰሜን ነዳጁ ቦታ እጥፍ ደመወዝ አግኝቻለሁ ብሎ ቀርቷል። ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚሁ። በግርግሩ ዘመን፣ እንኳንስ ማሽን የሚያንቀሳቅስ በር ላይ ቆሞ የሚያዛጋ ሰውም አይገኝም። ሰው ለመቀነስ ያመጡት ማሽን ሰው አጥቶ ቆሟል።

«አንተስ?» አለኝ ብራያን ትከሻዬን መትቶ። «ሥራ ትፈልጋለህ? የምሬን ነው፤ ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን።»

የስድሳ ሴት እንጀራ ላስከብር መጥቼ አንድ እንጀራ ቀረበልኝ። አመሰገንኩት። ማታ ለጋሽ ታምራት ስነግራቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ያዛ! ቤኔፊት አለው?»

ሶስና አየቻቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ረቡዕ

ናኦሚ በመኪና አደረሰችኝ። «ጋሽ ደረጀ፣ ዩ ጎት ዚስ። ኖ በል፣ ውጣ፣ ኮል አድርግልኝ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ረጅም ነው። ከጃፓን የመጡት በአንድ ወገን፣ የካልጋሪዎቹ በሌላው፣ ሲንጋፖር ደግሞ በስልክ። ሚስተር ኦኖ ዕቅዱን በሥዕል እያሳየ አስረዳ፦ መርከቡ፣ ባቡሩ፣ ማሽኑ። እኔ በሆዴ እንግሊዝኛዬን እየደጋገምኩ ነበር። ከአክብሮት ጋር፣ አዲስ አበባ አትስማማም። ከአክብሮት ጋር፣ አዲስ አበባ አትስማማም።

ከዚያ መጠየቅ ተጀመረ። «ኦሳካ?» «ሃይ።» «ሽያጭ?» «ሃይ።» ብራያን ሰላምታ በሚመስል ድምፅ «ሃይ!» አለ። ሲንጋፖር ጥያቄው ሳያልቅ «ሃይ» አለች። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እንዲሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይንጫጫል።

እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ሚስተር ኦኖ ቆም አለ። አዲስ አበባ እንዳታዝን አንድ ነገር አስበናል፤ የማበጠሪያ ቤቱ እህቶች አይረሱም አለ። የመጨረሻውን ሥዕል አወጣ። አዲሱ የሰሊጥ መያዣ ነው። ላዩ ላይ እትዬ ብርቄ ሰፌድ ይዘው ፈገግ ብለዋል፤ ከሥሩ ተጽፏል፦ «በእናቶች እጅ የተበጠረ።»

ከሥራቸው አስወጥተው ፊታቸውን ሊያስቀሩ ነው! የያዝኩት እንግሊዝኛ ምን እንደ ዋጠው አላውቅም። ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ፤ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፤ በሬ ከማሳ እንደሚያስወጣ ሰው በመላው ጉሮሮዬ ጮኽኩ።

«ሃይ! ሃይ እንጂ! ሃይ!»

ሚስተር ኦኖ ቀስ ብሎ ተነሳና ጎንበስ አለ። የኦሳካዎቹም ተነሱ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ ብራያን ያፏጫል፤ ሲንጋፖር በስልኩ ውስጥ ታጨበጭባለች። ሚስተር ኦኖ እንባ ባቀረረ ዓይን፣ በዚህ ኩባንያ ሲያገለግል እንዲህ ያለ ሃይ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

«ኖ! ኖ፣ ኖ!» አልኩ እጄን እያወራጨሁ።

«ትሑት ነው» አለ አንዱ። ጭብጨባው ጨመረ። እነሱ አገር የተመሰገነ ሰው እንደዚያ ነው አሉ የሚለው። «ከአክብሮት ጋር…» ብዬ ልጀምር ስል አክብሮት የምትለዋን ሰምተው እንደገና ጎንበስ አሉ። እኔም ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። ወገቤንም እግዜር ይይለት።

ምሳ ላይ ሚስተር ኦኖን ለብቻው ይዤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኩት። በእኛ ቋንቋ «ሃይ» ማለት «ተው» ማለት እንደሆነ፤ አዲስ አበባ እምቢ እንዳለች፤ ደንቡን የነካሁት እኔ እንደሆንኩ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስጨርስ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

«ሃይ» አለ። ሰምቼሃለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ መላኩን፣ ሐሳቤም በጣም የተከበረ መሆኑን ነግሮኝ ሾርባውን ጠጣ።

ናኦሚ መኪናው ውስጥ ጠበቀችኝ።

«ሶ? ኖ አልክ?»

«ሃይ አልኩ።»

«ዌይት፣ ሃይ? ላይክ… ሄሎ?» መሪውን ለቅቃ ዞራ አየችኝ። «ለምንድን ነው ሰላም ያልካቸው?»

ሦስተኛው ትርጉምም ጎድሎ አልቀረም። ስቄ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ናኦሚ ሬዲዮውን ዘግታ ቀስ ብላ ነዳች።

ሐሙስ

ካፖርቱን ልመልስ ብል ጋሽ ታምራት አልቀበልም አሉ። «ያዘው፤ ስትመጣ ትለብሰዋለህ።» እንደማልመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሶስና ለአክስቷ አንድ ከረጢት አስያዘችኝ፤ የተፈጨ፣ የታሸገ የካናዳ ተልባ። «የላከችውን በላሁ በልልኝ። ይኼን ደግሞ ቅመሺው በላት።» አውሮፕላን ጣቢያው ላይ እነዚያ ባለነጭ ባርኔጣ ሴትዮ ነበሩ። «ባይ!» አሉኝ። ይኼኛው ቃል ቢያንስ አያከራክርም።

ቃሊቲ የሄድኩት እንደገባሁ ነው። ሴቶቹ ወንፊታቸውን ይዘው ከበቡኝ። እትዬ ብርቄ ተልባውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጎን አስቀመጡት።

«እህሳ፤ ሃይ አልክልን?»

«አልኩ እትዬ። ተነስቼ፣ ጠረጴዛ መትቼ፣ ሦስት ጊዜ።»

«በእናትህ ቋንቋ?»

«በእናቴ ቋንቋ።»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ጀርባዬን ሳመችኝ። የማዛጋበት፣ የማስልበት፣ ወሬ የምቀይርበት ጊዜ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ግን ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም።

«እነሱስ? ምን አሉህ?»

«አጨበጨቡልኝ።»

እልልታው ቀስ በቀስ ወረደ። እትዬ ብርቄ «ሃይ ባዩን» ለዓመታት ሲሰሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንገታቸውን ሰበሩ።

«ወይ ልጄ» አሉኝ። «በእነሱ አማርኛ ነዋ የሰሙህ።»

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ወንፊታቸውን አነሱ፤ መጋዘን የቀረውን ሰሊጥ ያጠሩ ጀመር።